ድምፅ የሚቆጠረው ባደሩበት ነው

ቆይ እስቲ፣ እስክሪብቶውን አስቀምጪው። ትከሻሽ ላይ ተደግፌ ሳነበው ነበር። ይፈርሙልኛል ብለሽ ከዘረዘርሻቸው ሰዎች ግማሾቹ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። የቀሩት ዲሲ ይኑሩ እንጂ ከአንቺ ቤት በአውቶቡስ ሁለት ቅያሬ ነው። ከዝርዝሩ ሁሉ የመንገድሽ ሰው አንዲት ብቻ አየሁ፤ የእሷንም ስም ስላላወቅሽው «ውሻ ያላት ፈረንጅ» ብለሽ ነው የጻፍሽው።

ለኤኤንሲ፣ ለሰፈሩ አማካሪ ኮሚሽን፣ ኮሚሽነርነት እወዳደራለሁ ማለትሽ ደስ ብሎኛል። አልከለክልሽም፣ አልስቅብሽም። ግን ታላቅሽ ነኝና ይህን ሳልነግርሽ አልተኛም፦ እኛ «ዋሽንግተን ላይ ብዙ ነን» ስንል የምንቆጥረው እሁድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የምናየውን፣ ለቅሶ ቤት የሚሰበሰበውን፣ ቅዳሜ ማታ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ መኪና ማቆሚያ ያሳጣንን ሰው ነው። ምርጫ ቦርዱ የሚቆጥረው ደግሞ ሰው የሚያድርበትን አድራሻ ነው። እነዚህ ሁለት ቆጠራዎች አይገናኙም። እዚህ ከተማ ለምርጫ የሚወዳደር ሐበሻ ድምፅ የሚያጣው ሰው አጥቶ ሳይሆን ሰዎቹ ከምርጫ ክልሉ መስመር ውጭ ስለሚያድሩ ነው።

እስቲ ካርታውን ክፈቺው። ስልክሽ ላይ ይበቃል፣ አድራሻሽን አስገቢ።

አየሽ? ከተማዋ 8 ዋርድ፣ ማለትም የምርጫ ወረዳ፣ አላት። ካውንስሉ፣ የከተማው ምክር ቤት፣ 13 ሰው ነው፤ ከየዋርዱ አንድ አንድ፣ መላ ከተማውን የሚወክሉ አራት፣ አንድ ሊቀ መንበር። ለዜግነት ፈተና ስታጠኚ «የዲሲ ነዋሪ ከሆንሽ ገዥ የለንም በዪ» ያሉሽ ትዝ ይልሽ የለ? ገዥም የለን፣ ሴናተርም የለን። ስለዚህ የዚህ ከተማ ሰው ያለው የቅርብ ሥልጣን ይኸው ካውንስልና ከካውንስሉ በታች ያለው ነው። ከበታች ያለው ደግሞ ያንቺ ጉዳይ ነው። ዋርዱ በኤኤንሲዎች ይከፈላል፣ ኤኤንሲው ወደ 2,000 ሰው በሚኖርባቸው ትንንሽ ክልሎች። ከ2022 ወዲህ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልሽ) በከተማዋ 46 ኤኤንሲና 345 እንዲህ ያሉ ትንንሽ ክልሎች አሉ። ለየክልሉ አንድ ኮሚሽነር፣ ለሁለት ዓመት፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ፓርቲ። ቁጥሩ ራሱ አድራሻ ነው፤ «1ቢ03» ቢሉሽ ዋርድ 1፣ ኤኤንሲ ቢ፣ ሦስተኛው ክልል ነው። የአንቺ ቁጥር ይኸው ነው፣ ጻፊው። መስመሩ ደግሞ የት ላይ እንዳለፈ እዪ፦ ከሕንፃሽ ፊት ለፊት፣ በመንገዱ መሃል። ማዶ ያለው ሱቅ፣ በየቀኑ «ደህና አደርሽ» የሚልሽ ባለሱቅ፣ ያንቺ ሰው አይደለም። ድምፁም ፊርማውም ለሌላ ኮሚሽነር ነው።

እማዬን ደግሞ አስረጂያት፤ «ልጄ የቀበሌ ሊቀ መንበር ልትሆን ነው» እያለች ሰፈር ውስጥ እንዳታወራብሽ። ቀበሌ መታወቂያ ይሰጣል፣ ቤት ያከራያል፣ ስኳር ያድላል፤ ሰው ይፈራዋል። ኤኤንሲ በዋናነት የሚያድለው አስተያየት ነው። ለመጠጥ ፈቃድ፣ በረንዳ ላይ ወንበር ለማውጣት፣ ለግንባታ፣ ለመንገድ ለውጥ ማመልከቻ ሲቀርብ የከተማው መሥሪያ ቤት ለኤኤንሲው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ኤኤንሲው በይፋ ስብሰባ ድምፅ ሰጥቶ የጻፈውን አስተያየት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ «ትልቅ ክብደት» ሰጥቶ እንዲመዝን፣ ካልተቀበለውም ለምን እንዳልተቀበለው በጽሑፍ እንዲመልስ ሕጉ ያዛል። ኤኤንሲዎች የመጡት ከ1973ቱ የራስ አስተዳደር ሕግ ጋር ነው። ትንሽ ይመስላል። አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ምሽት ሠርተሽ ፈቃዱ የታደሰበትንና ያልታደሰበትን ወር ያየሽ አንቺ ግን ትንሽ አትይውም።

ዘጠነኛው ጎዳና ያሉ ሐበሾች ይህን በደንብ ያውቁታል። በ2012 መጨረሻ አንዳንድ ነዋሪዎች ዩ ስትሪት ላይ ያለ አንድ ቤት መሃል አድርገው 1,800 ጫማ የሚያህል ክብ አሰመሩና በዚያ ክብ ውስጥ አዲስ የመጠጥ ፈቃድ እንዳይሰጥ ጠየቁ። ክቡ የሐበሻ ቤቶች የተደረደሩበትን ጎዳና ይዞ፣ የበርካታ ኤኤንሲዎችን ድንበር አቋርጦ ነበር። ወራት የፈጀ ስብሰባ ተደረገ። በ2013 የመጠጥ ፈቃድ ቦርዱ ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። ያን ጊዜም የኤኤንሲ መራጭ የሚያደርገው ሌላ ሳይሆን አድራሻ ነበር፦ የትኛው ኤኤንሲ ውስጥ ታድራለህ? ሱቃቸው እዚያ ሆኖ ቤታቸው ሜሪላንድ የሆነ ባለቤቶች ኮሚሽነሮቹን የሚመርጡበት ድምፅ አልነበራቸውም። ጎረቤት ሆኖ የሚመርጠው ከላይ ፎቅ የሚተኛው ነው፣ ወይም እንቅልፍ ያጣው።

ስለዚህ አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ከላይ ፎቅ እንቅልፍ ያጣችውም መራጭሽ ናት። የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጠበቃ ለመሆን ከሆነ የምትወዳደሪው፣ ተዪው፣ ጠበቃ ይቀጠራል። አሁን የምትሠሪበት ቤት ፈቃድ አጀንዳ ላይ ሲቀርብ ደግሞ «እኔ እዚህ ተቀጣሪ ነኝ» ብለሽ በይፋ ተናግረሽ ከድምፁ ውጪ። አለቃሽ ቅር ይለዋል። ይበለው። ከዚያ ወዲህ ስለ ሌላው ቤት የምትናገሪውን ሰው የሚሰማልሽ ያን ቀን ከድምፁ ስለወጣሽ ነው።

ወደ ፊርማው እንመለስ። ለዕጩነት የሚፈለገው 25 ነው። ቀላል ነው ብለሽ ነው ቅድም በአንድ እሁድ ልጨርሰው ያልሽው። ግን 25ቱም በዲሲ በመራጭነት የተመዘገቡና በዚያች ትንሽ ክልል ውስጥ የሚኖሩ መሆን አለባቸው። ማንም የተመዘገበ መራጭ ወረቀትሽን ሊቃወም ይችላል፤ ተቃዋሚሽ በየመስመሩ እየሄደ «ይቺ ያለችው ማዶ ነው፣ ይሄኛው አልተመዘገበም፣ የዚህ አድራሻ አሮጌ ነው» እያለ ያስቀንስብሻል። 25 ይዘሽ ከገባሽ አንድ ስም ሲወድቅ አብረሽ ወደቅሽ። እጥፉን አስፈርሚ። የቤተ ክርስቲያኑን ሰዎች ደግሞ አታስፈርሚያቸው፤ ደስ ብሏቸው ይፈርማሉ፣ አንቺም ቆጥረሽ ደስ ይልሻል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ባዶ ቦታ ነው የሞላሽው። እነሱን ሌላ ነገር ጠይቂያቸው። ልጅ ይጠብቁልሽ፣ ወረቀት ያሳትሙልሽ፣ ካሉ ደግሞ እዚያ ሕንፃ የሚኖር ዘመድ ያስተዋውቁሽ።

ሌላ፣ ወረቀቱን ከማስገባትሽ በፊት ባሉት 60 ቀናት ሳታቋርጪ እዚያው ክልል ውስጥ መኖር አለብሽ። ያቺን «ርካሽ አፓርትመንት አገኘሁ» የምትያትን ነገር ለጊዜው እርሻት። ተመርጠሽም ብትለቂ ወንበሩ አብሮሽ አይሄድም።

መስመር መስመር እያልኩ ያሰለቸሁሽ ይመስለኛል። ግን አንዴ ታኮማ ሂጂና እዪ። የሜትሮው ጣቢያ ዲሲ ነው፤ ኢስተርን አቬኑን ስትሻገሪ ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ። ሰፈሩ አንድ፣ ዛፉ አንድ፣ ቡና ቤቱ የጋራ ነው። ማዶ ያለችው ታኮማ ፓርክ የራሷ 6 ዋርድ፣ የራሷ ከንቲባ አላት፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ ድምፅ ይሰጣል፤ ከ2013 ወዲህ የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። ከመንገዱ ወዲህ ያለች የ16 ዓመት ልጅ ማዶ ካለችው እኩያዋ ጋር ጎረቤት ናት፤ የማዶዋ ትመርጣለች፣ የወዲህኛዋ ትጠብቃለች። የአስፋልት ስፋት ነው ልዩነቱ።

መስመሩ ደግሞ እግዜር ያሰመረው አይደለም። በየ10 ዓመቱ ከሕዝብ ቆጠራ በኋላ ይነሳል። በ2020 ዲሲ ውስጥ የተቆጠረው 689,545 ሰው ነው። ለ8 ስታካፍዪው እያንዳንዱ ዋርድ ወደ 86 ሺህ ይደርሰዋል፤ 5 ከመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ይፈቀዳል። ዋርድ 6 አዳዲስ ፎቆች ሲበቅሉበት ከርሞ ከ100 ሺህ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከአናኮስትያ ወንዝ ማዶ ያሉት ዋርድ 7 እና 8 አነሱ። ምን ይደረግ? በኤሊሳ ሲልቨርማን የሚመራው የካውንስሉ ንዑስ ኮሚቴ ሰውን ሲሰማ ከርሞ፣ ዋርድ 8 ወንዙን ተሻግሮ ኔቪ ያርድን እንዲይዝ፣ ዋርድ 7ም ወደ ምዕራብ እንዲሰፋ ሆነ። በሒሳብ ልክ ነው። ግን አስቢው፤ ወንዙ ማዶ ለዘመናት የኖረው አብዛኛው ጥቁር ሕዝብ፣ ብዙ ገቢ ይዘው ከመጡ የወንዝ ዳር አዲስ ፎቅ ነዋሪዎች ጋር አንድ ተወካይ እንዲመርጥ ሆነ። «ድምፃችን ይቀጥናል» ብለው የተከራከሩ ነበሩ፣ እኔ ይገባኛል። ወዲህ ያሉትም ሰፈራችን ተቆረሰ ብለው ጮኹ። ሁለቱንም የሚያስደስት ካርታ አልነበረም።

ከዋርዶቹ ቀጥሎ በየዋርዱ የነዋሪ ቡድኖች ተቋቁመው ትንንሾቹን ክልሎች ከለሱ፤ ካውንስሉ በ2022 አጸደቃቸው፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ምርጫ ተካሄደባቸው። ለዚህ ነው ጎረቤትሽ «እኛ ሁልጊዜ የእዚያኛው ኮሚሽነር ነን» ብትልሽ የማትቀበዪያት፤ ካርታው ቤቷን ሳታውቀው አዛውሯት ሊሆን ይችላል። በደግነት አሳያት፣ ስልክሽን አውጪና አብራችሁ አድራሻዋን አስገቡ። ጥሩ ወሬ መጀመሪያ ነው ደግሞ፣ ማንም ስለ ቤቱ ሲነገረው ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያበሽቀኝ ነገር አለ። አምስት ሆነው በአንድ ቤት እያደሩ አከራዩ እንዳይሰማ «ሁለት ነን» ብለው የቆጠራውን ቅጽ የሚሞሉ ሐበሾች። የቆጠራው መረጃ ለአከራይም ለኢሚግሬሽንም አይሰጥም፤ የግለሰቡ መዝገብ ለ72 ዓመት ዝግ ነው። ሦስቱ ያልተቆጠሩት ሰዎች ግን ለ10 ዓመት መስመር ሲሰመር የሉም። ከዚያ «እኛን የሚሰማን የለም» ይላሉ። ቀጣዩ ቆጠራ በ2030 ነው፤ ተመረጥሽም አልተመረጥሽም ያኔ በር ለበር መሄድ ያንቺ ሥራ ነው።

የባልሽ ወንድምስ? ግሪን ካርድ ነው ያለው አይደል። ዲሲ በ2022 ባወጣችው ሕግ ዜግነት የሌለው፣ ቢያንስ 30 ቀን የኖረ አዋቂ ነዋሪ ለከንቲባ፣ ለካውንስል፣ ለኤኤንሲ ድምፅ እንዲሰጥ ፈቅዳለች። በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራበት። ለፕሬዚዳንትና ለኮንግረስ ተወካይ ግን አይችልም፤ ያ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፣ ከአገር ያስወጣል። ታዲያ ላንቺ ድምፅ ብለሽ እንዳትገፋፊው። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ተመዝግቦ ወይም መርጦ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ፤ ዲሲ ብትፈቅድለትም ነገ ቢሮ ተቀምጦ ያንን መልስ የሚያስረዳው እሱ ብቻውን ነው። ኮንግረስ ውስጥ ሕጉን ለመሻር የተነሱም አሉ። መጀመሪያ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር ይነጋገር፣ ከምርጫ ቦርዱም የዕለቱን ሁኔታ ይጠይቅ። «እቴቴ ብላለች» እንዳይል፤ እኔ ያልኩት ጠበቃ ጠይቅ ነው። አንድ ድምፅ ቢቀርብሽ ይቅር።

በር ስለማንኳኳት። አውቃለሁ፣ ትፈሪያለሽ። እኛ ሰው ቤት የምንሄደው ተጠርተን ነው፣ ወይ ልናለቅስ ነው። ግን ሕንፃሽ ውስጥ ያሉትን አሮጊት ሴትዮ፣ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ቤተሰባቸው እዚህ ሰፈር የኖረ ጥቁር አሜሪካዊት፣ አናግረሻቸው ታውቂያለሽ? ስለ ዩ ስትሪት ሳታውቂ እሳቸው በራፍ ላይ ሄደሽ አትቁሚ። ከእኛ በፊት ሰው ነበረበት። «ብላክ ብሮድዌይ» የሚባል የጥቁሮች የሙዚቃና የንግድ መሃል ነበር፣ ዱክ ኤሊንግተን ያደገበት ሰፈር። በ1968 ዶክተር ኪንግ ሲገደሉ ነደደ። ከዚያ ለዓመታት የሜትሮ ቁፋሮ፤ የዩ ስትሪት ጣቢያ የተከፈተው በ1991 ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የእኛ ሰዎች ከአዳምስ ሞርጋን ኪራይ ሸሽተው ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ቤት የከፈቱት፣ ማንም ሊገባበት በማይፈልግበት ጊዜ። በ2005 ጎዳናው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ እንዲሰየም ሲጠየቅ ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ መጣ። የኛ ሰዎች ተናደዱ፣ «ባዶ ቤት ያለማነው እኛ» አሉ። እውነታቸውን ነው። እነሱም እውነታቸውን ነው። ያ ሁሉ ክርክር ግን በአብዛኛው ሳይተዋወቁ የተነጋገሩ ሰዎች ክርክር ነበር። አንቺ ሴትዮዋ በር ላይ ስትቆሚ ስለ ሐበሻ ማኅበረሰብ ንግግር አታድርጊ። ስለ አይጡ ጠይቂያቸው፣ ስለማይሠራው ሊፍት፣ ስለተሰበረው የእግር መንገድ። ከዚያ ዝም በዪና ስሚ። ሻይ ካቀረቡልሽ ጠጪ፤ «አይ ይቅርብኝ» እያልሽ በሐበሻ ሦስቴ አታስለምኚ፣ እነሱ አንዴ ብቻ ነው የሚሉት።

እዚያው ሕንፃ ያሉ አማርኛ የሚናገሩ እናቶች ካሉ ደግሞ አንድ ነገር ንገሪያቸው። በ2004 የወጣው የቋንቋ ሕግ ስላለ የከተማው መሥሪያ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚ ያቀርባሉ፤ የምርጫ መረጃም በአማርኛ ይገኛል። ልጆቻቸውን ከሥራ አስቀርተው «ወረቀት አንብብልኝ» ከሚሉ ራሳቸው ይጠይቁ። የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ እቤታቸው ይመጣል፣ ማስታወቂያ መስሏቸው እንዳይጥሉት። ያንቺ ስም ደግሞ የሚገኘው መጨረሻው አካባቢ ነው፣ ከፕሬዚዳንቱም ከካውንስሉም በኋላ። ብዙ ሰው ላይኛውን ቀብቶ እዚያ ሳይደርስ ያሽገዋል። «እስከ ታች ሂዱ» በያቸው፣ ሌላ ቅስቀሳ አያስፈልግሽም። እንዲህ ባለች ክልል ጥቂት መቶ ሰው ነው የሚመርጠው፤ የአንድ ሕንፃ ሰው ወረቀቱን እስከ ታች ከሞላ ምርጫው ይለወጣል።

ፓርቲዎች ዕጩ ስለሚለዩበት፣ ሰኔ ላይ ስለሚደረገው ፕራይመሪ አሁን አትጨነቂ፣ ያንቺ ወንበር ፓርቲ የለውምና እዚያ አይገባም። ለራስሽ ግን ልብ በዪ፤ ይህ ከተማ በአብዛኛው ዲሞክራት ስለሆነ የዋርድሽን የካውንስል አባል የሚወስነው ብዙ ጊዜ ኅዳር ሳይሆን ሰኔ ነው። ዋርድ 1፣ 3፣ 5 እና 6 ከከንቲባው ጋር በአንድ ዓመት ይመርጣሉ፣ 2፣ 4፣ 7 እና 8 ከፕሬዚዳንቱ ጋር። ወንበርሽን ብታገኚ በየጊዜው የምትደውዪው ለዚያ ሰው ቢሮ ነው።

በይ፣ ይህን ዝርዝር ቅደጂውና አዲስ ወረቀት አምጪ። ከላይ የክልልሽን ቁጥር ጻፊ። ከዚያ ሕንፃሽን ከምድር ቤት ጀምረሽ በር በበር። ነገ ከሥራ ስትመለሺ፣ ሰው እራት በልቶ ሳይተኛ፣ ከአሮጊቷ ሴትዮ ጀምሪ፤ እሳቸው ከፈረሙ ማን የት እንደሚኖር፣ ማን መራጭ እንደሆነ፣ የማንን በር ማለፍ እንዳለብሽ ይነግሩሻል። ውሻ ያላትንም ስሟን ጠይቂያት። ቀኑን ራሳቸው ይጻፉ፣ ስማቸውን በሚነበብ ፊደል። ባል «ለሚስቴም እኔው ልፈርም» ካለሽ እሺ እንዳትይ፤ ሚስቱ እስክትመጣ ጠብቂ፣ ወይም ሌላ ቀን ተመለሺ።